የእንስሳት ዘር ማሻሻልና የበሽታ መከላከል ሥራ ተነጣጥለው አይታዩ

ከጅማ መንገድ ወደ አዲስ አበባ የሚገባ መኪና ሰበታን፣ አለም ገናንና አየር ጤናን አልፎ ጦር ኃይሎች ይደርሳል። በዓል በተቃረበ ቁጥር በዚህ መንገድ የሚገባው ሰንጋ፣ በግና ዶሮ ብዙ ነው። በአንጻሩ ደግሞ በካርቶን የታሸጉ ጫጩቶችና ለማደግ የተቃረቡ ቄቦች በዚያው መንገድ ወደ ገጠር ይወጣሉ። ከዚህ ሁሉ ጋር ግን ማንም ሳያየው የሚጓዝ ሌላ ጭነት አለ። እርሱም በሽታ ነው። ከገበያ የተገዛች አንዲት ያመማት ዶሮ የመንደርን ዶሮ ሁሉ ልትጨርስ እንደምትችል የማያውቅ የገጠር ቤተሰብ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ለዚህ ችግር መልስ የሚፈለግባቸው የምርምር ሥፍራዎችም ከዚሁ መንገድ ብዙም አይርቁም። ከአዲስ አበባ በደቡብ ምዕራብ በኩል 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ሰበታ፣ ቀደም ሲል ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ምርመራና ጥናት ማዕከል ይባል የነበረውና ዛሬ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የተባለው ተቋም ከየክፍለ ሀገሩ የሚላክለትን ደም፣ የሕብረ ሕዋስ ቁራጭና ሌላም ናሙና ይመረምራል። መንገዱ ወደ ጅማ ሲቀጥልና ወደ ጊቤ ሸለቆ ሲወርድ ደግሞ ገንዲ በሚባለው የከብት በሽታ ላይ ለረጅም ዓመታት ጥናት የተካሄደበት ሥፍራ ይገኛል። በሌላው አቅጣጫ ቢሾፍቱ የእንስሳት ክትባት ይመረታል፣ የዶሮ ዘርም ይመረጣል። እነዚህ ተቋማት የሚሠሩት ሥራ ለገበሬው ምን ያህል እንደሚጠቅም የሚወሰነው ግን በቤተ ሙከራው ውስጥ ብቻ አይደለም። በገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ላይም ይወሰናል።

በብዙ ሥፍራ ገበሬዎች ተሰብስበው ስለ እንስሳት ሀብታቸው በሚወያዩበት ጊዜ ቀድሞ የሚነሳው ጥያቄ «የተሻሻለ ዘር ይምጣልን» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። በ2013 ዓ.ም. በተደረገው የናሙና ጥናት መሠረት ኢትዮጵያ ወደ 70 ሚሊዮን የሚጠጋ የቀንድ ከብትና 57 ሚሊዮን ያህል ዶሮ እንዳላት ተገምቷል። ከብቱ ጥቂቱ ሲቀር የሀገር ዘር ነው፤ ከዶሮውም አብዛኛው የሐበሻ ዶሮ ነው። አንዲት የሐበሻ ዶሮ በዓመት የምትጥለው እንቁላል ከ40 እስከ 60 ቢደርስ ነው። ለእንቁላል ተብላ የተመረጠችው የውጭ ዶሮ በሙሉ መኖና በሙሉ እንክብካቤ ከ250 በላይ ትጥላለች። ይህን ልዩነት የሰማ ገበሬ ዘሩን ቢመኝ አያስደንቅም። ይሁን እንጂ ጥያቄው ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ «የሚመጣው ዘር እዚህ ያለውን በሽታ እንዴት ይችለዋል?» የሚለው ሲሆን፣ ይህን የሚጠይቅ ሰው በስብሰባ ላይ እምብዛም አይገኝም።

ዘር ማለት ምን እንደሆነ ገበሬው ከማንም በተሻለ ያውቀዋል። ላሚቱ ጥጃዋን ስትወልድ ግማሹን ከራሷ፣ ግማሹን ከኮርማው ታወርሳለች። የሚወረሰው ግን ቀለምና ቀንድ፣ ወይም የወተቱ መጠን ብቻ አይደለም። ደም ውስጥ የገባን ተውሳክ የመቋቋም ኃይል፣ መዥገርን የመቻል ቆዳ፣ በድርቅ ጊዜ በጥቂት ሣር የመቆየት ጠባይ፣ እነዚህም ሁሉ ይወረሳሉ። በአንድ አካባቢ ለብዙ መቶ ዓመታት የኖረ ከብት በዚያ አካባቢ በሽታ ተፈትኖ ያለፈ ነው። ያልቻለው ሞቶ፣ የቻለው ተርፎ ተዋልዷል። ከውጭ የመጣው ዘር ደግሞ በሌላ ሀገር፣ በሌላ ፈተና ያለፈ ነው። ለወተት ተብሎ የተመረጠ ላም ክትባት፣ ሐኪምና የተዘጋጀ መኖ ባለበት ቤት ውስጥ ተመርጧል። በመሆኑም የወተቱን ዘር ሲያመጡ ያንን ቤት ጭምር ማምጣት ግድ ይሆናል።

በዚህ ረገድ የሸኮ ከብት ታሪክ ለገበሬ ማኅበራት መሪዎች ሁሉ ሊነገር የሚገባው ነው። ይህ ከብት በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በሸኮና በቤንች አካባቢ የሚገኝ፣ ቁመቱ አጠር ያለ፣ ሻኛው ትንሽ ወይም ጭራሽ የሌለው ነው። አካባቢው የገንዲ ዝንብ ያለበት ስለሆነ ከሌላ ሥፍራ የመጣ ከብት በቶሎ ይከሳል፣ ፀጉሩ ይቆማል፣ ደሙ ያልቃል፣ በመጨረሻም ይሞታል። ሸኮ ግን በዝንቡ ቢነከስና ተውሳኩ ቢገባበትም ተቋቁሞ ይኖራል። ይህ ከአካባቢው ሰው አፍ ብቻ የተሰማ ነገር አይደለም። ሸኮ፣ አቢጋር፣ ሆሮና ጉራጌ የተባሉት አራት የሀገር ዘሮች በጊቤ ሸለቆ ውስጥ ዝንቡ ባለበት ሥፍራ አብረው እንዲሰማሩ ተደርጎ ለበሽታው ያላቸው አቋም ተነጻጽሯል። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የዚህ ጥናት ውጤት እንዳስረዳው ከአራቱ መካከል በተውሳኩ የመያዝ መጠኑ ከሁሉም ያነሰውና የደሙ ብርታት ከሁሉም የተሻለው ሸኮ ነበር። መድኃኒት ለማስወጋት ያስፈለገበት ጊዜም ከሌሎቹ ያነሰ ነው።

የሚያሳዝነው ነገር ግን ይህ ዘር እየሳሳ መሄዱ ነው። አንደኛው ምክንያት የሸኮ ኮርማ ጠባዩ ኃይለኛ በመሆኑ ገበሬው ቶሎ ሊያኮላሸው ወይም ሊሸጠው መፈለጉ ነው። በዚህ የተነሳ ላሞቹ ከአጎራባች አካባቢ በመጣ ሻኛ ባለው ኮርማ ይጠቃሉ፤ የሚወለደውም ጥጃ የእናቱን የመቋቋም ኃይል በከፊል እያጣ ይሄዳል። ገበሬውን ለዚህ መውቀስ አይገባም፤ የሚዋጋ ኮርማ በልጆች መካከል ማቆየት ቀላል ነገር አይደለም። ይሁንና ብዙ የመድኃኒት ገንዘብ ሊያድን የሚችል ሀብት በኮርማው ጠባይ ምክንያት ሲጠፋ ዝም ብሎ ማየትም አይገባም። ለመንደሩ የሚበቁ ሁለት ሦስት ኮርማዎችን በጋራ መርጦ፣ ጠንካራ በረት ሠርቶ ማቆየት የአንድ ሰው ሳይሆን የማኅበር ሥራ ነው። ሌላው የሀገር ዘር ባለበት አካባቢም ነገሩ ያው ነው። ፎገራም ሆነ ሆሮ፣ ቦረናም ሆነ በጋይት ጥሩ ኮርማው ለገበያ ቀድሞ እየወጣ ደካማው ለዘር የሚቀር ከሆነ፣ ምርጫው እየተካሄደ ያለው ወደ ኋላ ነው።

ገንዲን በሚመለከት አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ በጊቤ ሸለቆ በተካሄደው ጥናት ከታዩት ነገሮች አንዱ ተውሳኩ በገበያ ላይ ያለውን መድኃኒት እየለመደ መምጣቱ ነበር። መድኃኒቱን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከገበያ ገዝቶ፣ በውሃ አብዝቶና መጠኑን አሳንሶ መውጋት ለዛሬ ገንዘብ ያተርፍ ይሆናል፤ ለነገ ግን ማንም መድኃኒት የማይፈውሰው ገንዲ ያፈራል።

ወደ ዶሮው እንመለስ። የዶሮ ጉዳይ ብዙ ጊዜ እንደ ቀላል ነገር ስለሚታይ በስብሰባ ላይ የሚነሳው በመጨረሻ፣ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ለመሄድ ሲያስብ ነው። ሆኖም ለልጅ ደብተርና ለጨው የሚሆነው ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ የቤቱን እመቤት የጠየቀ ሰው ዶሮን እንደ ቀላል ነገር አይቆጥርም።

የኢትዮጵያ፣ የእንግሊዝና የሌሎችም ሀገሮች ተመራማሪዎች በምዕራብ በወለጋ ሆሮ፣ በምሥራቅ ደግሞ በሐረርጌ ጃርሶ ከሚኖሩ ገበሬዎች ቤት ከ700 በላይ የሐበሻ ዶሮዎች ደም ወስደው መርምረዋል። ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሟል። ከዚህ ጥናት የገበሬ ማኅበር መሪ ሊያውቀው የሚገባው ሦስት ነገር ነው። የመጀመሪያው፣ ጉምቦሮን፣ ማሬክን፣ የዶሮ ታይፎይድንና የዶሮ ኮሌራን የመሳሰሉት በሽታዎች ያልነኩት ዶሮ የለም ለማለት እስኪያስደፍር ድረስ በአብዛኞቹ ዶሮዎች ደም ውስጥ የእነዚህ በሽታዎች አሻራ ተገኝቷል። የኮሶ ትልና የአንጀት ተውሳክም እንዲሁ። ስለዚህ ጤነኛ የምትመስለው የሐበሻ ዶሮ ከበሽታ የራቀች ሳትሆን በሽታን ተሸክማ የቆመች ናት። ከዚህ ዓይነት መንጋ መካከል ምንም በሽታ አይቶ የማያውቅ የፋብሪካ ጫጩት ሲለቀቅ ምን እንደሚደርስበት ማሰብ አያስቸግርም።

ሁለተኛው፣ ለአንዳንዶቹ በሽታዎች ሰውነት የሚሰጠው የመከላከል ምላሽ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወረስ መሆኑ ተረጋግጧል። ሦስተኛውና ምናልባትም ትልቁ፣ በዶሮዋ ክብደትና በበሽታ መከላከያዋ መካከል አንዱ ሲጨምር ሌላው የሚቀንስበት የዘር ትስስር አለመገኘቱ ነው። ይህም ማለት ሥጋ ያላትን ዶሮ ስንመርጥ የግድ በሽታን የማትችል እንመርጣለን ማለት አይደለም፤ ሁለቱን አብሮ ማሻሻል ይቻላል። የሆሮና የጃርሶ ዶሮዎች በዘራቸው የተለያዩ መሆናቸውም በዚሁ ሥራ ታይቷል። ለአንዱ ሥፍራ የተመረጠ ዶሮ ለሌላው ሥፍራ እንዳለ ይስማማል ብሎ መገመት እንደማይገባ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ይህን ሐሳብ በተግባር የሚያሳይ ሥራ በደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ከተጀመረ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2008 ከሆሮ አካባቢ እንቁላል ተሰብስቦ ከተፈለፈለ በኋላ፣ በየትውልዱ በእንቁላልና በክብደት ብልጫ ያሳዩት እየተመረጡ እንዲዋለዱ ተደርጓል። እ.ኤ.አ. በ2014 በኢትዮጵያ፣ በናይጄሪያና በታንዛንያ በተጀመረው የአፍሪካ ዶሮ ዘር ማሻሻያ ፕሮጀክት ውስጥም ይኸው ሆሮ እንደ ሳሶ፣ ኩሮይለርና ኮይኮክ ካሉት ጋር ተሰልፎ በገበሬ ቤት ተፈትኗል። ፈተናው በምርምር ጣቢያ አጥር ውስጥ ብቻ ሳይቀር በገበሬው ደጅ መደረጉ የሚመሰገን ነው። ዶሮ በጣቢያ ውስጥ የምትሰጠው እንቁላልና ጭልፊት ባለበት ደጅ የምትሰጠው እንቁላል አንድ አይደለምና።

ከገበያ የሚመጡትን ቄቦች የሚገዙ አባላት ካሉ ደግሞ ሊነገራቸው የሚገባ ነገር አለ። እንደ ሳሶ ያሉት ዶሮዎች የተለያዩ ወላጆች ተዳቅለው የተገኙ ክልሶች ናቸው። ከእነርሱ እንቁላል የሚፈለፈለው ልጅ እንደ እናቱ አይሆንም፤ አንዱ ከሌላው እየተለያየ ይወጣል፣ ምርቱም ይቀንሳል። ለእንቁላል የተመረጡት የውጭ ዶሮዎች የመታቀፍ ጠባይም የላቸውም። «ጥሩ ዶሮ ስለያዝኩ ከእንግዲህ ራሴ አራባለሁ» ብሎ የሐበሻ ዶሮውን ሁሉ የሸጠ ሰው፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የሚታቀፍም የሚጥልም ሳይኖረው ሊቀር ይችላል። አንዲት ሁለት ታቃፊ የሐበሻ ዶሮ በቤት ማስቀረት ብልህነት ነው።

አሁን ወደ ፈንግል። ስለዚህ በሽታ ለገበሬ መናገር ለቀባሪ እንደማርዳት ነው። አንገት ይጠመዘዛል፣ ክንፍ ይወድቃል፣ አረንጓዴ ተቅማጥ ይታያል፣ ዶሮዋ አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች፣ በጥቂት ቀን ውስጥ ቤቱ ባዶ ይሆናል። ክትባት ባልተሰጠበት መንደር ከገባ ከአሥሩ ስምንቱን፣ አልፎም ሁሉንም ሊጨርስ ይችላል። መድኃኒት የለውም። ያለው ክትባት ብቻ ነው፤ ክትባቱም በቢሾፍቱ እ.ኤ.አ. በ1964 በተቋቋመው የክትባት ማምረቻ ኢንስቲትዩት በሀገር ውስጥ ይሠራል።

ታዲያ ክትባቱ እያለ ዶሮው ለምን ያልቃል? መልሱ ቀላል የሚመስል፣ ግን ለብዙ ጊዜ ሳይፈታ የቆየ ጉዳይ ነው። የክትባቱ አንድ ብልቃጥ በአሥሮችና በመቶዎች ለሚቆጠሩ ዶሮዎች የሚበቃ ነው። ከተከፈተም በኋላ ለሌላ ቀን አይቆይም። የአንድ ገበሬ ቤት ዶሮ ደግሞ አምስት፣ ስድስት፣ ቢበዛ አሥር ነው። ለአምስት ዶሮ ብልቃጥ የሚገዛ የለም፤ ለአምስት ዶሮም ብልቃጥ የሚከፍት የእንስሳት ጤና ሠራተኛ አይገኝም። ቀድሞ የነበረው ክትባት ያለ በረዶ የማይጓዝ መሆኑም ችግሩን አባብሶት ኖሯል። በአውስትራሊያ የተገኘውና አይ 2 የተባለው ሙቀትን የተሻለ የሚችል የክትባት ዘር ይህን ሁለተኛውን ችግር በብዙ አቃሎታል። አሰጣጡም ቢሆን በዓይን ላይ አንድ ጠብታ ማድረግ ብቻ ስለሆነ አንድ ጊዜ የሠለጠነ የመንደር ልጅ ሊሠራው ይችላል። በየአራት ወሩ ያህል መደገም ግን አለበት።

የመጀመሪያው ችግር፣ ማለትም የብልቃጡ ጉዳይ፣ በሳይንስ የሚፈታ አይደለም። የሚፈታው በመደራጀት ነው። አንድ የገበሬ ማኅበር በመንደር ተከፋፍሎ የክትባት ቀን ቢወስን፣ ዶሮዎቹ ከመሸ በኋላ ቆጥ ላይ ሲወጡ ወይም ማለዳ ሳይለቀቁ ቢያዙ፣ ብልቃጡ በተከፈተበት ሰዓት ከቤት ቤት እየተዞረ ቢሰጥ፣ የአንድ ብልቃጥ ዋጋ ለሃያ ቤት ሲካፈል ከአንድ እንቁላል ዋጋ ብዙም ላይበልጥ ይችላል። ይህን ለማዘጋጀት ከወረዳ ትእዛዝ መጠበቅ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው የቤቶችና የዶሮዎች ቁጥር የተጻፈበት ወረቀትና ክትባቱን ከእንስሳት ጤና ኬላ አስቀድሞ የሚጠይቅ ሰው ነው። ያልተከተበ አንድ ቤት በመካከል ከቀረ የሌሎቹም ድካም ስጋት ላይ ይወድቃል፤ ዶሮ አጥር አታውቅምና።

በዚህ ላይ በግልጽ መነጋገር የሚያስፈልግበት ጉዳይ አለ። በመንደር ውስጥ «ፈንግል ገባ» ሲባል ብዙ ሰው የሚያደርገው ዶሮውን ሰብስቦ ወደ ገበያ ማውጣት ነው። ከመሞቷ በፊት ትሸጥ ነው ነገሩ። ያቺ ዶሮ ግን ወደ ድስት ብቻ አትገባም። አንዳንዷ ለእርባታ ትገዛለች፤ ሌሎቹም በአንድ ቅርጫት ታስረው ከጤነኞቹ ጋር ይሰነብታሉ። ያልተሸጡት ወደ ሌላ መንደር ይመለሳሉ። በሽታው ከገበያ ወደ ገበያ የሚዛመተው በዚህ መንገድ ነው። አምስት ዶሮ ብቻ ያላትን ባልቴት «አትሽጪ» ብሎ መከልከል ጭካኔ ነው፤ ያላት ሀብት ያ ብቻ ሊሆን ይችላል። ክትባቱ በጊዜው ቢደርሳት ኖሮ ግን ወደዚያ ምርጫ ባልገባችም ነበር። ስለሆነም የማኅበሩ መሪ ጥያቄ መሆን ያለበት «ማን ሸጠ?» ሳይሆን «ክትባቱ ለምን ዘገየ?» የሚለው ነው።

መደራጀት በሽታን ከሀገር ሊያጠፋ እንደሚችል የሚጠራጠር ካለ የደስታን በሽታ ያስታውስ። ይህ በሽታ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1880 ዓ.ም. ገደማ የኢጣልያ ጦር በምጽዋ በኩል ካስገባው ከብት ጋር ነው። ከአሥር ከብት ዘጠኙን ጨረሰ ተብሎ ይገመታል። የሚያርስ በሬ ጠፋ፤ ሕዝቡም ክፉ ቀን ብሎ ለሚያስታውሰው ረኃብ ተዳረገ። ከዚያ በኋላም ከመቶ ዓመት በላይ እየጠፋና እየተመለሰ ከብት ሲጨርስ ኖሯል።

በሽታውን ለመዋጋት ሳይንስ ብዙ ደክሟል። እንግሊዛዊው ዋልተር ፕላውራይት በኬንያ ሙጉጋ ላይ ለረጅም ጊዜ የሚከላከል ርካሽ ክትባት አገኘ። ኢትዮጵያዊው ፕሮፌሰር ጥላሁን ይልማ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ በዘረመል ጥበብ ሌላ ዓይነት የደስታ ክትባት መሥራታቸውን እ.ኤ.አ. በ1988 አሳውቀዋል። በመስክ ዘመቻው ሥራ ላይ የዋለው ግን የፕላውራይቱ ክትባት፣ በኋላም ከዚያው ተሻሽሎ ሙቀትን እንዲችል የተደረገው ነበር። ያም ሆኖ መኪና የማይገባበት የአፋር በረሃ ለዘመቻው መሰናክል ሆኖ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1994 አርብቶ አደሮቹ ራሳቸው የመረጧቸው ሰዎች ሠልጥነው፣ ሙቀት የሚችለውን ክትባት ይዘው ከመንጋው ጋር በእግር እየተጓዙ ከተቡ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1995፣ በኢትዮጵያ የመጨረሻው የደስታ በሽታ ታየ። ሀገሪቱ ከበሽታው ነፃ መሆኗ እ.ኤ.አ. በ2008 ታወቀላት፤ በ2011 ደግሞ ደስታ ከዓለም መጥፋቱ በይፋ ተነገረ። ከፈንጣጣ በኋላ ከምድረ ገጽ የጠፋ ሁለተኛው በሽታ እርሱ ነው። ከተማ ውስጥ የተዘጋጀ ክትባት ከሩቅ መንደር የተመረጠ ሰው እጅ ባይገባ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ ነበር።

ዛሬ ተራው የበጎችና የፍየሎች ደስታ መሰል በሽታ ነው። እስከ 2030 ድረስ ከዓለም እንዲጠፋ የተያዘ ዕቅድ አለ፤ ክትባቱም በቢሾፍቱ ይመረታል። የፍየሎች አፍንጫና ዓይን ሲፈስ፣ አፋቸው ሲቆስል፣ ተቅማጥ ሲይዛቸው «ብርድ ነው» ብሎ ማለፍ ስለማይገባ መሪዎች ወዲያውኑ ለወረዳው የእንስሳት ጤና ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ ይኖርባቸዋል።

የወተት ላም ለመግዛት ወደ ከተማ የሚመጡ ማኅበራትም ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ያሉ የወተት እርባታዎች ጊደር ይሸጣሉ፤ ጊደሯም ታምራለች። ነገር ግን በመካከለኛው የኢትዮጵያ ክፍል በ5,424 ከብቶች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ጥናት እንዳመለከተው፣ ለከብት ሳንባ ነቀርሳ ምርመራ አዎንታዊ ምላሽ የሰጡት በጠቅላላው 13.5 ከመቶ ነበሩ። ለየብቻ ሲታይ ከሀገር ዘሮቹ 11.6 ከመቶ ሲሆን ከሆልስታይኖቹ ግን 22.2 ከመቶ ነው። በሆልስታይኖቹ ላይ ጉዳቱም የከፋ ሆኖ ተገኝቷል። በሌላ ጥናት ደግሞ በቤት ውስጥ ተጨናንቀው ድርቆሽ እየተመገቡ የሚኖሩት በመስክ ከሚሰማሩት ይልቅ በበሽታው እንደሚጎዱ ታይቷል። ዘሩና አያያዙ ተደምረው ነው ጉዳት የሚያደርሱት። በሽታው ደግሞ ባልፈላ ወተት ወደ ሰው ይተላለፋል። ስለዚህ ጊደር ሲገዛ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ወረቀት መጠየቅ፣ ከመንጋው ጋር ከመቀላቀሏም በፊት ለብቻዋ አቆይቶ መመልከት፣ ወተቱንም ማፍላት ያስፈልጋል። ሻጩ «ወረቀት ምን ያደርጋል?» ካለ ሌላ ሻጭ መፈለግ ነው።

የሰው ሰራሽ ማዳቀል አገልግሎት ባለበት ቦታ ሌላም ጥንቃቄ አለ። ብሔራዊው የማዳቀያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1981 ቃሊቲ ላይ ከተቋቋመ ወዲህ በአባላዘር አማካይነት ብዙ ክልስ ጥጆች ተወልደዋል። ከአንድ ኮርማ የተወለደች ጊደር በዚያው ኮርማ አባላዘር ከተዳቀለች ግን አባት ልጁን አገባ ማለት ነው። የሚወለደው ደካማና ለበሽታ የተጋለጠ ይሆናል። ይህን ለመከላከል የተሰጠውን የአባላዘር ቁጥርና የኮርማውን ስም በደብተር መያዝ በቂ ነው። በመንደር ውስጥ አንድ ኮርማ ለብዙ ዓመታት ከራሱ ልጆች ጋር ሲውል የሚደርሰውም ጉዳት ተመሳሳይ ስለሆነ፣ አጎራባች ማኅበራት በየሁለትና በየሦስት ዓመቱ ኮርማ ቢለዋወጡ ያለ ምንም ወጪ ይጠቀማሉ።

የምርምር ተቋማቱና የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችም ድርሻ አላቸው። ከገበሬው በረት ደም ተወስዶ ውጤቱ ሳይነገረው የሚቀር ከሆነ፣ ተመራማሪው በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጣ በሩ ቢዘጋበት ሊደነቅ አይገባም። ገበሬው ዶሮውን አስነክቶ፣ ላሙን አስይዞ፣ ጊዜውን ሰጥቷል። ምን እንደተገኘና ምን ማድረግ እንዳለበት በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው መብቱ ነው። የማኅበር መሪዎች ናሙና ለመውሰድ የሚመጣውን ባለሙያ ሲቀበሉ «ውጤቱን መቼና በማን በኩል እንሰማለን?» ብለው ጠይቀው መልሱን ቢጽፉ ከሁለቱም ወገን ሥራው ይቃናል።

በመንደር ድንገት እንስሳት ሲሞቱ መሪው ሊያደርገው የሚገባው ብዙ አይደለም፤ ቅደም ተከተሉ ግን መጠበቅ አለበት። ያመመው ከጤነኛው ይለያል። የሞተው አይበላም፣ አይሸጥም፣ ወደ ወንዝም አይጣልም። በድንገት ሞቶ ከአፍንጫውና ከፊንጢጣው ጥቁር ደም የፈሰሰ ከብት አባ ሰንጋ ሊሆን ስለሚችል ማንም ቆዳውን እንዳይገፍና እንዳይከፍተው ይደረጋል፤ ሐኪም እስኪመጣ ውሻም እንዳይነካው ይጠበቃል። ዶሮ ከሆነ ያመሙትን ሁለት ሦስቱን ወይም ገና መሞታቸው የሆነውን በቀዳዳ በሌለው ፌስታል ደራርቦ ጠቅልሎ ሳይውል ሳያድር ወደ እንስሳት ክሊኒክ ማድረስ ለምርመራ ይጠቅማል። ሙቀት ያበላሸው ናሙና ሰበታ ቢደርስም ምንም አይናገርም።

ከዚህ ጋር የሚላክ አንድ ወረቀት አለ። በሽታው በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ቤት እንደጀመረ፣ በዚያ ሳምንት ከየትኛው ገበያ እንስሳ እንደተገዛ፣ ስንት እንደታመመና ስንት እንደሞተ፣ መቼ ምን ክትባት እንደተሰጠ ይጻፍበታል። ማኅበሩ ማንበብና መጻፍ የሚችል አንድ ወጣት ለዚህ መድቦ ከአሁኑ ደብተር ሊያስይዘው ይችላል። የፈንግል ወረርሽኝ በብዙ አካባቢ የሚበረታው ዝናብ በሚጀምርበትና የፋሲካ ገበያ በሚደራበት ወቅት ስለሆነ፣ የዶሮዎቹ ቆጠራ ጾሙ ሳይገባ ቢጠናቀቅና የክትባቱ ጥያቄ በዚያው ሳምንት ለወረዳው ቢቀርብ ብልቃጡ በጊዜው ይደርሳል።